ሴቶች በከተማ አስተዳደር፦ ወንበሩ የእርሷ፣ ፊርማው የማን?

በስዊድን ካርልስኩጋ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ክረምት ሲገባ በረዶ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ጠራጊ መኪኖቹን ያሰማራል። እስከ 2011 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጠረጋው የሚጀመረው ከዋና ዋና የመኪና መንገዶች ነበር፤ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተራ የሚደርሳቸው በመጨረሻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ሴቶችን ልበድል ብሎ ያወጣው ሰው አልነበረም። ከተማዋ አሠራሯን በሙሉ በሥርዓተ ፆታ ዓይን ስትመረምር ግን አንድ ነገር ወለል ብሎ ታየ። ጠዋት መኪናውን አስነስቶ በቀጥታ ወደ ሥራው የሚሄደው በአብዛኛው ወንድ ነው። ሴቶቹ ልጅ ወደ መዋያ ያደርሳሉ፣ ከዚያ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ ሲመለሱ ዕቃ ይገዛሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፤ ከዚህም ብዙውን የሚያደርጉት በእግራቸው ነው። መኪና ትንሽ በረዶ ቢያጋጥመው ረግጦት ያልፋል። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው ግን እዚያው ይቆማል። ተንሸራቶ እጁን ወይም ዳሌውን የሚሰበረውም በብዛት እግረኛው ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ የእግረኛው መንገድ ቀደመ። መኪኖቹ ያው ናቸው፣ ሾፌሮቹም ያው፤ የተለወጠው ከየት ይጀመር የሚለው ብቻ ነው።

የከተማ አስተዳደር ማለት እንዲህ ያሉ ትንንሽ የሚመስሉ ውሳኔዎች ክምችት ነው። የቧንቧው መስመር በየት በኩል ይለፍ? የመንገድ መብራት የትኛው ሰፈር ይቅደም? የአውቶቡስ ማቆሚያው ከጤና ጣቢያው ምን ያህል ይራቅ? በገበያው ውስጥ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ይኑር ወይስ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይዋል? ሴቶች ይህን በሚወስነው ጠረጴዛ ዙሪያ ለምን ያስፈልጋሉ ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሕዝቡ ግማሽ ስለሆኑ የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ትክክል ነው፤ ለእኔ ግን ግማሽ መልስ ነው። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው፣ መብራት በሌለው መንገድ መንገዱን ቀይሮ ዙሪያውን የሚሄደው፣ መዋያ ሲዘጋ ከሥራ የሚቀረው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ይህ ሰው የሚያውቀውን ነገር ከተማው ካላወቀ ገንዘቡን የሚያወጣው በጭፍን ነው።

እስከ ጥር 2023 በተሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት መረጃ መሠረት በዓለም ዙሪያ በአካባቢ ምክር ቤቶች ከተመረጡት አባላት 35.5 በመቶው ሴቶች ነበሩ፤ በቁጥር ከ3 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። በብሔራዊ ፓርላማዎች ያለው ድርሻ በዚያው ጊዜ ከሩብ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሴቶች ወደ ከተማና ወደ ቀበሌ ደረጃ ሲወረድ ይበዛሉ ማለት ነው። ቁጥሩ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም የሚቆጥረው በምክር ቤት የተቀመጠውን ሰው ነው። ከንቲባው ማን ነው፣ ፋይናንስ ቢሮውን የሚመራው ማን ነው፣ የግንባታ ውል ላይ የሚፈርመው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ ይህ ቁጥር መልስ የለውም። የዚህ ማብራሪያ ጉዳይም በወንበሩና በፊርማው መካከል ያለው ርቀት ነው።

ርቀቱን ለመረዳት የከተማ ሥልጣን እንዴት እንደተዋቀረ ማወቅ ይጠይቃል። አብዛኛው ከተማ ምክር ቤት አለው፤ ምክር ቤቱ ደንብ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። ከዚያ ከንቲባ አለ። ከንቲባው በአንዳንድ አገር በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል፤ በሌላው ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ይመርጠዋል፤ በሌላው ደግሞ ከላይ ይሾማል። ሥልጣኑም እንዲሁ ይለያያል። አንዱ ከንቲባ የቢሮ ኃላፊዎችን የሚሾምና የሚሽር፣ በጀት የሚያዘጋጅ፣ የምክር ቤቱን ውሳኔ እስከ መሻር የሚደርስ ሊሆን ይችላል። ሌላው ስብሰባ ከመምራትና በበዓላት ንግግር ከማድረግ አያልፍም። በአሜሪካ በብዙ ከተሞች ዕለታዊውን አስተዳደር የሚመራው ምክር ቤቱ የሚቀጥረው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከንቲባው በዚያ ሥርዓት ከምክር ቤቱ አባላት እንደ አንዱ ነው ቢባል ብዙ አይሳሳትም። ስለዚህ በሁለት ከተሞች ሴት ከንቲባ ተመረጠች የሚል ዜና ስንሰማ፣ አንዷ ሙሉ መሪ ሆና ሌላዋ የክብር ሰብሳቢ ልትሆን እንደምትችል ልብ ማለት ይገባል።

በምክር ቤቱ ውስጥም ሥልጣን እኩል አልተከፋፈለም። ትልቁ ውሳኔ ጠቅላላ ጉባኤው እጅ ሲያወጣ አይወሰንም፤ ቀደም ብሎ በቋሚ ኮሚቴ ያልቃል። በጀትም ሁለት ዓይነት ነው። መደበኛው በጀት ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ ጽሕፈት መሣሪያ ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ ገና ዓመቱ ሳይጀመር የታሰረ ነው። ከተማን የሚለውጠው የካፒታል በጀቱ ነው፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ የውኃ መስመር፣ ሕንፃ። የበጀትና የግንባታ ኮሚቴዎች ውስጥ ያልገባ ተመራጭ በከተማው ቅርጽ ላይ ያለው እጅ አጭር ነው። በብዙ አገሮች ሴት ተመራጮች የሚመደቡት ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ትምህርት፣ ሕፃናትና አረጋውያን ነው፤ ወንዶቹ ወደ ፋይናንስ፣ መሬትና ትራንስፖርት። ማኅበራዊ ጉዳይ ያነሰ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። ሆኖም የመዋያው ኃላፊ አዲስ መዋያ ለማሠራት የመሬቱንና የገንዘቡን ኃላፊ ደጅ መጥናት ካለባት፣ ምደባው የሥራ ክፍፍል ከመሆን አልፏል።

ታዲያ ሴቶች ወደዚህ ጠረጴዛ የሚደርሱት በየት በኩል ነው?

በ1887 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ሴቶች በከተማ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። በዚያው ዓመት አርጎኒያ በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቂት ወንዶች የሴቶቹን እንቅስቃሴ ለማዋረድ አስበው የ27 ዓመቷን ሱዛና ሳልተርን ስም ሳያማክሯቸው በከንቲባ ዕጩነት አስገቡ። ወይዘሮዋ ዕጩ መሆናቸውን ያወቁት በምርጫው ዕለት ነው። ከተመረጥኩ አገለግላለሁ አሉ፤ ከመራጩ ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ ሰጣቸው፤ አንድ ዓመትም አገለገሉ። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ በዚህ መንገድ ተመረጡ። ለማዋረድ የተዘጋጀው ወረቀት መንገድ ሆነ።

ሌላው መንገድ የኖርዌይ ሴቶች በ1971 የተጠቀሙበት ነው፤ እኔ በተለይ የምወደው ታሪክ ነው። በዚያ ጊዜ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ሕግ መራጩ ፓርቲው ባቀረበው የዕጩዎች ዝርዝር ላይ ስም እንዲሰርዝና የፈለገውን ስም ደግሞ እንዲያጠናክር ይፈቅድ ነበር። ሕጉ ለዓመታት ነበረ፤ እንዲህ አድርጎ በጅምላ የተጠቀመበት ግን አልነበረም። የሴቶች ንቅናቄዎች ስለ ስም መሰረዙ በስፋት አስተማሩ። መራጮች ብዕር ይዘው ወደ ምርጫ ጣቢያ ገቡ፤ በዝርዝሩ አናት ላይ ያሉትን ወንዶች እየሰረዙ ከታች የተወሸቁትን ሴቶች ወደ ላይ አወጡ። ውጤቱ ሲቆጠር ኦስሎን ጨምሮ በሦስት ትልልቅ ምክር ቤቶች ሴቶች አብላጫ ሆኑ። ጋዜጦች የሴቶች መፈንቅለ መንግሥት አሉት። እኔ ግን ነገሩ የሚያስተምረው ሌላ ነው እላለሁ፤ ሴቶቹ ከዚያ በፊትም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። የጎደላቸው ብቃትም ፍላጎትም ሳይሆን የዝርዝሩ አናት ነበር።

ዝርዝሩን ማን ያዘጋጃል የሚለው ጥያቄ ወደ ኮታ ይወስደናል። ኮታ ሁለት ዋና መልክ አለው። አንዱ ወንበሩን ራሱን መለየት ነው፤ በዚህ የምርጫ ክልል የሚወዳደሩት ሴቶች ብቻ ናቸው ይባላል። ሕንድ በ1992 ባጸደቀቻቸውና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ በዋሉት 73ኛና 74ኛ የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች የገጠርና የከተማ ምክር ቤቶችን ወንበር አንድ ሦስተኛ ለሴቶች ለየች፤ ከሰብሳቢነት ቦታም እንዲሁ ለሴቶች ተለየ። በኋላ በርካታ ግዛቶች ድርሻውን ወደ ግማሽ አሳደጉት። ኡጋንዳም በ1995ቱ ሕገ መንግሥቷ የአካባቢ ምክር ቤቶችን አንድ ሦስተኛ ለሴቶች አድርጋለች።

ሁለተኛው መልክ በዕጩዎች ዝርዝር ላይ የሚጣል ግዴታ ነው፤ ይህም በተለይ የሚሠራው ሕዝቡ ለፓርቲ ዝርዝር ድምፅ በሚሰጥበት የተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት ነው። ፈረንሳይ በ2000 ባወጣችው ሕግ ከ3,500 በላይ ሕዝብ ባላቸው ከተሞች ፓርቲዎች ሴትና ወንድ በእኩል ቁጥር እንዲያቀርቡ አስገደደች። በ1995 በእነዚህ ምክር ቤቶች ከአራት አባላት አንዷ ሴት ነበረች፤ በ2001 ምርጫ ድርሻው 47.5 በመቶ ደረሰ። በአንድ ምርጫ። ለዓመታት ብቁ ሴት አላገኘንም ሲሉ የኖሩ ፓርቲዎች ሕጉ ሲያስገድዳቸው በጥቂት ወራት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አገኙ።

ግን እዚያው ፈረንሳይ ሌላ ነገር እንይ። ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ በከንቲባነት ላይ ደግሞ ግዴታ የለም። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ከ2020 ምርጫ በኋላ እንኳን ከፈረንሳይ ከንቲባዎች ሴቶቹ ሃያ በመቶ አካባቢ ነበሩ። የትላልቅ ከተሞች ዜና ዓይን ይስባል፤ ፓሪስ፣ ሊል፣ ናንት፣ ሬን፣ ስትራስቡርግ በሴት ከንቲባ ይመሩ ነበር። በጠቅላላው ሲታይ ግን ሕጉ እስከደረሰበት ድረስ እኩልነት አለ፤ ሕጉ ካቆመበት አንድ ደረጃ ከፍ ሲባል አሮጌው ልማድ ቦታውን እንደያዘ ነው።

ይህን ቀዳዳ ካዩት አገሮች አንዷ ቱኒዚያ ናት። ለ2018 የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ያወጣችው ሕግ ሁለት ዓይነት እኩልነት ጠየቀ። የመጀመሪያው በአንድ ዝርዝር ውስጥ ስሞች ሴት፣ ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ እየተባለ እንዲፈራረቁ ነው፤ አለዚያ ፓርቲው ወንዶቹን ከላይ ደርድሮ ሴቶቹን ከታች ያከማቻል፣ የሚመረጡትም የላይኞቹ ናቸው። ሁለተኛው ፓርቲው በየከተማው ከሚያቀርባቸው ዝርዝሮች ግማሾቹ በሴት እንዲመሩ ነው፤ ምክንያቱም የዝርዝሩ መሪ ናት ከንቲባ የመሆን ዕድል ያላት። ሴቶች 47 በመቶውን ወንበር ያዙ፤ ሱአድ አብደራሂም የቱኒዝ ከተማ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆኑ። እንዲህም ሆኖ ከንቲባ የሆኑት ሴቶች ከአምስት አንድ ያህል ነበሩ። ከዚያ በመጋቢት 2023 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ምክር ቤቶቹን በሙሉ በተኑ። የተሠራው ሁሉ ከምክር ቤቶቹ ጋር ፈረሰ። ሴቶችን ወደ ከተማ አመራር ማምጣት የከተማ አስተዳደሩ ራሱ ካለው ነፃነት ተነጥሎ እንደማይቆም ይህ ያሳያል።

ኮታን የሚቃወሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ነገር አለ፤ ወንበሩን ሴቷ ይዛ ሥራውን ባሏ ይሠራዋል የሚል። ይህ ፈጠራ አይደለም። በሕንድ የሰብሳቢዋ ባል የሚል መጠሪያ እስከ ማግኘት ደርሷል፤ ባል በስብሰባ ይናገራል፣ ማኅተም ይይዛል፣ ሚስት ወረቀቱ ላይ ትፈርማለች። እኔ ግን ይህን ክስ ስሰማ የመጀመሪያውን ቀን አስባለሁ። አንዲት አዲስ ተመራጭ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ትገባለች። ፊቷ የሚቀመጠው የበጀት ሰነድ በቁጥርና በኮድ የተሞላ ነው፤ የትኛው መስመር የታሰረ ገንዘብ እንደሆነ፣ የትኛው ሊነካ እንደሚችል የሚነግራት የለም። የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ደንቡን የሰጣት የለም። ነባሮቹ አባላት ጉዳዩን ማታ በሌላ ቦታ ተቀምጠው ጨርሰውታል፤ እርሷ ያልተጠራችበት ቦታ። ነገ ጠዋት ባሏን ወይም ወንድሟን ብትጠይቅ የሚያስገርመው ምኑ ነው? ወንድ ተመራጭም በመጀመሪያ ዓመቱ የሚመራው ሰው ይፈልጋል። ልዩነቱ እርሱ የሚጠይቃቸው ሰዎች በአዳራሹ ውስጥ መኖራቸው ነው። ሥልጠና፣ የራሷ ጽሕፈት ቤት፣ ሰነዱን ከስብሰባው ቀደም ብሎ ማግኘት፣ ስብሰባው ልጆች ከትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት አለመሆኑ፤ እነዚህ የይስሙላውን ወንበር እውነተኛ የሚያደርጉ ተራ ነገሮች ናቸው።

ደግሞ ተመራጮቹ ብቻ መሪዎች እንዳልሆኑ መታወስ አለበት። በቪየና የከተማ ፕላን ባለሙያዋ ኤቫ ካይል በ1991 ሴቶች በከተማዋ የዕለት ኑሯቸውን እንዴት እንደሚመሩ የሚያሳይ የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ አዘጋጁ፤ በማግስቱ ዓመት ከተማዋ የሴቶች ጽሕፈት ቤት አቋቋመች። በኋላ በተደረገ ጥናት ልጃገረዶች ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከመናፈሻዎች እየጠፉ እንደሚሄዱ ታየ፤ ወንዶቹ ግን ይቀራሉ። መናፈሻው የተሠራው በመሐሉ ላለው አንድ የኳስ ሜዳ ነበር፤ ሜዳውን የያዘ መናፈሻውን ያዘ። ሜዳዎቹ በትንንሹ ተከፋፈሉ፣ ሌላ መግቢያና መቀመጫ ተጨመረ፤ ልጃገረዶቹ ተመለሱ። ይህን ያደረገው ምርጫ ያሸነፈ ሰው አይደለም፤ ንድፍ ላይ የምትፈርም ባለሙያ ናት። የመምሪያ ኃላፊ፣ መሐንዲስ፣ የግዥ ኃላፊ ሹመት በምርጫ ዜና ውስጥ አይወጣም፤ በከተማው ሕይወት ውስጥ ግን ይወጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሴት ስትመራ ውሳኔው በእርግጥ ይለወጣል? ይህን በትክክል ለመመለስ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ሴት የሚመርጥ ከተማ ቀድሞውኑ ከሌላው ሊለይ ይችላል። ሕንድ ለተመራማሪዎች ዕድል የሰጠችው እዚህ ላይ ነው። ለሴት የተለየው የሰብሳቢነት ቦታ በየምርጫው በዕጣ መሰል ዙር ስለሚዞር፣ ሴት መሪ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው መንደሮች በሌላ ነገር አይለያዩም። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና በ2019 የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ኤስተር ዱፍሎ በዌስት ቤንጋልና በራጃስታን 265 የመንደር ምክር ቤቶችን አጥንተው በ2004 ያወጡት ውጤት፣ በሴት የሚመሩት በሁለቱም ቦታ በመጠጥ ውኃ ላይ የበለጠ እንደሚያወጡ አሳየ። ውኃ ደግሞ ሴቶች በሁለቱም ቦታ አብዝተው አቤት የሚሉበት ጉዳይ ነበር። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ይለያያል። በዌስት ቤንጋል ሴቶች መንገድ ይፈልጉ ስለነበር ሴት መሪዎች መንገድ ሠሩ፤ በራጃስታን መንገድ የወንዶች ጥያቄ ስለነበር ሴት መሪዎች ቀነሱት። ይህ ለእኔ የጥናቱ ዋና ነጥብ ነው። ሴት መሪዎቹ በተፈጥሮ ውኃ የሚወዱ ስለሆኑ አይደለም፤ የሰሙት አቤቱታ ሌላ ስለነበር ነው።

በዚያው አገር ሌላ ጥናት አንድ ቀላል ነገር አደረገ። ያው የምክር ቤት መሪ ንግግር ለአንዱ ሰው በወንድ ድምፅ፣ ለሌላው በሴት ድምፅ ተሰማ። ሴት መሪ አይተው በማያውቁ መንደሮች ወንዶች በሴት ድምፅ የሰሙትን ያንኑ ንግግር ዝቅ አድርገው መዘኑት። ሴት መሪ ባየው መንደር ይህ ልዩነት ጠፋ። ቃሉ አልተለወጠም፤ ጆሮው ነው የለመደው።

እነዚህ መንደሮች ናቸው፤ ከተማ ሲሆን መልሱ ይወሳሰባል። በአሜሪካ ከተሞች በጠባብ ልዩነት ያሸነፉ ሴትና ወንድ ከንቲባዎችን ያነጻጸረ በ2014 የታተመ ጥናት በመንግሥቱ መጠን፣ በወጪ ድልድልም ሆነ በወንጀል ላይ ልዩነት አላገኘም። ያገኘው ሌላ ነው፤ ሴት ከንቲባዎች በድጋሚ የመመረጥ ዕድላቸው ከወንዶቹ ከፍ ያለ ነበር። በብራዚል ግን በተመሳሳይ ዘዴ የተሠራ በ2016 የወጣ ጥናት በሴት በሚመሩ ከተሞች በሙስና የሚጠረጠር አሠራር ያነሰ መሆኑን፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትል የተሻለ መሆኑን አሳየ፤ እነዚሁ ከንቲባዎች ግን በድጋሚ የመመረጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። በምርጫ ዓመት ጊዜያዊ ሠራተኛ በብዛት አይቀጥሩም፤ የምርጫ ገንዘብም ያን ያህል አይመጣላቸውም። ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሴት መሪ ሁልጊዜ የተሻለች ናት ማለት አይችልም፤ ልዩነት የለም ማለትም አይችልም። ከተማው ለመሪው የሚሰጠው የውሳኔ ስፋትና መራጩ የሚሸልመው ነገር ውጤቱን ይወስናል። ሴትን በደግነቷ እንመርጣት የሚለው ሙግት አደገኛ የሚመስለኝም ለዚህ ነው፤ ነገ አንዲት ከንቲባ ብታጠፋ ፍርዱ በሴቶች ሁሉ ላይ ይወድቃል።

አንዲት መሪ ሰፊ ሥልጣን ስታገኝ ምን ልትሠራበት እንደምትችል ቦጎታ ታሳያለች። ክላውዲያ ሎፔዝ ከ2020 እስከ 2023 የኮሎምቢያን ዋና ከተማ መሩ፤ በምርጫ ያሸነፉ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዘመናቸው የእንክብካቤ መንደሮች የተባሉ ቦታዎች ተከፈቱ። አንዲት ሴት ወደዚያ ስትመጣ ልጇ ወይም የምትጦራት እናቷ ተንከባካቢ ታገኛለች፤ የቤቱ ልብስ በሕዝብ ማጠቢያው ይታጠባል፤ እርሷ በዚያው ሰዓት ያቋረጠችውን ትምህርት ትማራለች፣ የሕግ ምክር ትጠይቃለች ወይም ዝም ብላ ታርፋለች። አዲስነቱ አገልግሎቶቹ አይደሉም፤ ከተማው ቀድሞም በየቦታው ነበሩት። አዲስ የሆነው በእግር በሚደረስ ርቀት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው፤ ጊዜ የሌላት ሴት አራት ቢሮ አትዞርምና። ከሁሉ በላይ ግን የማደንቀው የመጨረሻውን እርምጃ ነው። ከንቲባዋ ከመውረዳቸው በፊት የከተማው ምክር ቤት ሥርዓቱን በ2023 በደንብ አጸደቀው። በአንድ ሰው ፊርማ የቆመ ነገር በተከታዩ ሰው ፊርማ ይወድቃል፤ ደንብ ግን ለማፍረስ ድምፅ ይጠይቃል።

የገንዘቡንም ጉዳይ ፊት ለፊት የያዙ አሉ። በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን ከ2018 ጀምሮ ከንቲባ የሆኑት ኢቮን አኪ ሶየር በሙያቸው የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። ሥልጣን ሲይዙ ያገኙት የንብረት ግብር በቤቱ ስፋት የሚሰላ ነበር፤ ስለዚህ የቆርቆሮ ቤትና ቪላ ስፋታቸው ከተቀራረበ ግብራቸው ይቀራረብ ነበር። በሳተላይት ምስል እየታገዙ ያልተመዘገቡ ሕንፃዎችን ቆጠሩ፤ መዝገቡ ከ57,000 ገደማ ወደ 120,000 ገደማ ከፍ አለ። ግምቱም ከውጭ በሚታየው የቤቱ ሁኔታ ላይ ተመሠረተ፤ የባለጸጋው ግብር ጨመረ፣ የድሃው ቀነሰ። ማዕከላዊው መንግሥት ግን ማሰባሰቡን ለጊዜው አስቆመው። የከተማ መሪ ምንም ብትበረታ ከላይ ያለው እጅ ይደርስባታል።

ስለ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በቦሊቪያ አንኮራይሜስ የምትባል ማዘጋጃ ቤት አባል የነበሩት ሁዋና ኪስፔ ወንበራቸውን እንዲለቁ ጫና ይደረግባቸው ነበር፤ ወደ ስብሰባ እንዳይገቡ ይከለከሉም ነበር። በመጋቢት 2012 ተገድለው ተገኙ። በዚያው ዓመት ግንቦት አገሪቱ በሴቶች ላይ የሚፈጸም የፖለቲካ ጥቃትና ትንኮሳን የሚከለክለውን ሕግ ቁጥር 243 አወጣች። ሕጉ ካሰፈራቸው ጥፋቶች መካከል ግድያና ድብደባ ብቻ አይደሉም ያሉት፤ ተመራጯን በግድ እንድትለቅ ማድረግ፣ ለሥራዋ የሚያስፈልጋትን መረጃ መደበቅ፣ ስብሰባ ሆን ብሎ ሳያሳውቁ መቅረትም አሉበት። የከተማ ተመራጭ ከፓርላማ አባል ይልቅ የተጋለጠች ናት። ጠባቂ የላትም፤ ቤቷን ሁሉም ያውቀዋል፤ በውሳኔዋ የተቆጣው ሰው ነገ በገበያ ያገኛታል።

ጊዜም ራሱ ጠላት ሊሆን ይችላል። የተለየው ወንበር በየምርጫው ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሲዞር፣ ሥራውን ገና የለመደችው ሴት ክልሏ ለሁሉም ክፍት ይሆናል፤ ፓርቲውም ወደ ቀድሞው ወንድ ዕጩው ሊመለስ ይችላል። ይህ ሥጋት በሕንዷ ከተማ በሙምባይ ተፈትሿል። በ1997 ለሴት ተለይተው በ2002 ለሁሉም የተከፈቱ የከተማዋ የምርጫ ክልሎች ቀድሞ ካልተለዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ሴት የማሸነፍ ዕድሏ በአምስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከፊሉ የተወዳደሩትና ያሸነፉት ወንበሩን ቀድሞ የያዙት ሴቶች ራሳቸው ናቸው። ከፊሉ ደግሞ ፓርቲዎቹ ሴት ዕጩ ማሸነፍ እንደምትችል በዓይናቸው ስላዩ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው ያቀረቧቸው ናቸው።